ይለፍ የተባለች አስታማሚ

ዛሬ ጠዋት ከቤትህ ስትወጣ በርህ ማንነትህን ጠየቀህ ወይስ ዝም ብሎ ተከፈተልህ?

አታስታውስም። ጠይቆህ ከሆነ ረግመኸዋል፤ ዝም ብሎ ተከፍቶልህ ከሆነ ደስ ብሎህ ወጥተሃል። ይህን የምጽፈው ደስ ብሎህ ለወጣኸው ለአንተ ነው።

ሁላችንም የምናውቀውን ልድገመው፤ ስለለመድነው አናየውምና። በአዳማ፣ በዚህ በ2071 ዓ.ም.፣ ሰው ቀኑን የሚጀምረው ከበሩ ጋር በመነጋገር ነው። «ወዴት?» ይላል በሩ። «ሥራ፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣ።» በሩ ቀኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈትሻል። ከተማዋን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም የተጻፈበት ቋንቋ ጥብቅ ነው፤ ማንኛውም ሰውና ማንኛውም ዕቃ ከመንቀሳቀሱ በፊት ዓይነቱን እንዲናገር ያስገድዳል። ታካሚ ነህ፣ ሐኪም ነህ፣ ሾፌር ነህ፣ ወላጅ ነህ። ዓይነትህ ከምትሄድበት ቦታ ጋር ካልገጠመ የበሩ ግንባር ቀይ ይሆናል፤ አትወጣም። ስህተቱ መንገድ ላይ ሳይደርስ ቤት ውስጥ ይያዛል።

ይህን ሥርዓት የምጠላ የሚመስለው ይኖራል። አልጠላውም። አያቶቻችን በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ሥር ተኮልኩለው «ነገ ና» ሲባሉ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። በስም መመሳሰል የአንዱ መርፌ ለሌላው ተወግቷል። ጥብቁ ቋንቋ ያንን ሁሉ አስቀርቷል፤ ይህን የሚክድ ሰው ታሪክ አያውቅም። ከበሩ ወዲያ፣ ውስጥ ሆነው ማንነትን ይጠይቁ የነበሩ ሰዎች የተሰናበቱትም በዚሁ ምክንያት ነው። በር ላይ የተፈተሸ ነገር ውስጥ ለምን እንደገና ይፈተሻል? ሆስፒታሎች በየአልጋው እየዞረ የታካሚን ስም የሚጠራውን ሰው አሰናበቱት። ከቀዶ ሕክምና በፊት ጎንበስ ብሎ «የትኛው እግር ነው?» የሚለውን ሐኪም ፎቅ ላይ አስቀመጡት። ውሳኔው ሞኝነት አልነበረም፤ በሩ እስካልዋሸ ድረስ።

በሩን የሚያስዋሽ አንድ ቃል ግን በዚያው ጥብቅ ቋንቋ ውስጥ አለ።

ቃሉ «ተለዋዋጭ» ነው። ሰፈር ውስጥ «ይለፍ» እንለዋለን። ፈታሹን «ይህ ምን እንደሆነ አሁን አትጠይቀኝ፤ ሲደርስ ይታያል» ማለት ነው። ቋንቋውን የሠሩት ሰዎች ሲያስገቡት ምክንያት ነበራቸው። አውራ ጎዳና ላይ ተገጭቶ ራሱን የሳተ ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሆኖም በር ላይ መሞት የለበትም። ለእሱ ሲባል ይለፍ ተባለ። ከቃሉ ጋር ግን አንድ ግዴታ ተጽፎ ነበር፤ በይለፍ የገባውን ሁሉ ደጃፉን እንዳለፈ አንድ ሰው ተቀብሎ ማንነቱን ይጠይቅ። ቃሉ ቀረልን፤ ጠያቂውን ቀድመን አሰናብተነዋል።

አሁን ወደ ነፋስ በር ሆስፒታል ልውሰድህ።

የሆስፒታሉ ፕሮግራም የተገዛው ከውጭ ነው። በውስጡ ታካሚ አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ ጎብኚ አለ። ጎብኚ አበባ ይዞ ይመጣል፣ ጥቂት ይቀመጣል፣ ይሄዳል። አስታማሚ የለም። ፕሮግራሙ በተጻፈበት አገር ሰው ሲታመም እህቱ አልጋው ሥር ፍራሽ አንጥፋ አትከርምም፤ ሾርባ በፔርሙዝ አታመላልስም፤ ገላውን አታጥብም፤ ጎረቤት አልጋ ላይ ዘመድ የሌለው ካለ ለእሱም አታጎርስም። ስለዚህ ሥርዓቱ ሥራ በጀመረበት ሳምንት የአዳማ አስታማሚዎች ሁሉ በየቤታቸው ቀይ በራባቸው። የታመመ ሰው ያለው ቤት ሁሉ ተቆለፈ።

መደረግ የነበረበት ነገር ግልጽ ነው። «አስታማሚ» የሚባል ዓይነት መፍጠር፤ የት እንደሚገባ፣ ምን ሊያደርግ እንደሚችል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን ሊደረግበት እንደማይገባ መጻፍ። ነገር ግን አዲስ ዓይነት ሲጨመር ፕሮግራሙ በሙሉ እንደገና ይፈተሻል፤ ከተማዋም ለወራት ቀይ በቀይ ትሆናለች። የሥርዓተ ፍተሻ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ኢዮስያስ ግርማቸው ደግሞ በአውራ ጎዳናው ላይ «ቀይ የሌለባት ከተማ» የሚል ሰንደቅ ሰቅለዋል። ባለሙያዎቻቸው ዓርብ ከሰዓት ቀዩን ሁሉ ሳያጠፉ ወደ ቤት አይሄዱም። ዓርብ ከሰዓት አዲስ ዓይነት የሚፈጥር ሰው የለም። ይለፍ ይጻፋል፤ አጠገቡም «ሰኞ እመለስበታለሁ» የሚል ማስታወሻ ይቀመጣል። በዚያ ፕሮግራም ውስጥ እስከዛሬ ሰኞ ደርሶ አያውቅም።

አስታማሚዎች ሁሉ ይለፍ ሆኑ። በሮች ተከፈቱ። ሕዝቡም አጨበጨበ፤ አንተም ጭምር።

ኤፍራታ ደመላሽ ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሾፌር ነበረች። ስሟ ዛሬ የአሮጊት ስም ነው፤ እሷ በተወለደችበት ዘመን ሴት ልጅ ሁሉ ኤፍራታ ወይ ሔመን ወይ ሶልያና ትባል ነበር። አውቶቡሶች ያለ ሾፌር መሄድ እስኪጀምሩ ድረስ ከአዳማ ሞጆ፣ ከሞጆ አዳማ ስትመላለስ ኖራለች። ስኳር ያዛት። የቀኝ እግሯ ጣቶች ጠቆሩ፤ ቁስሉም ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ከጉልበት በታች እንዲቆረጥ ተወሰነ፤ ካልተቆረጠ መርዙ ደሟን ይበክላል፣ ትሞታለች። ይህ የተደበቀ ነገር አልነበረም። ራሷም ለጠየቃት ሁሉ «ወይ እግሬ ይሄዳል ወይ እኔ እሄዳለሁ» ትል ነበር።

ያስታመመቻት ታናሽ እህቷ ሔመን ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። ሔመን በየቀኑ ከቤት ስትወጣ በሩ ምንም አይጠይቃትም።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ፣ ተራቸውን እየጠበቁ ሳለ፣ ኤፍራታ ከአልጋዋ ተነሥታ እግሮቿን አወረደች።

«ወዴት ነው?» አለች ሔመን ከፍራሹ ላይ።

«ሽንት ቤት።»

«ፖፖ ላምጣልሽ እኮ።»

«በፖፖማ አልሸናም! ከዛሬ ወዲያ በአንድ እግሬ ነው የምሄደው። ሁለቱም እያሉ በእግሬ ልሂድበት።»

«እሺ ልያዝሽ።»

«ግድግዳ አለልኝ። አንቺ እዚህ ጋደም በይ፤ ዓይንሽ ጎድጉዶ ገደል ሆኗል። ለመሆኑ በሽተኛዋ ማናችን ነን?»

«አልጋሽ ላይ? እትዬ፣ ሲስተር ረድኤት ካየችኝ ትገድለኛለች።»

«ሲስተር ረድኤት ራሷ ቦታ ብታገኝ ትተኛለች፤ ልጅቷ ቆማ ነው የምታንቀላፋው። ጋደም በይ ብያለሁ፣ ታላቅሽ ነኝ!»

ሔመን ሳቀች። «አሁንም አውቶቡስ ላይ ያለሽ ነው የሚመስልሽ፤ ሰው ሁሉ ወንበር እንዲይዝ።»

በአገራችን ሆስፒታሎች ይህን ያላደረገ ቤተሰብ ካለ አሳየኝ። በሽተኛው ብድግ ይላል፣ የደከመው አስታማሚ ለጥቂት ጊዜ ጎኑን ያሳርፋል። ነውር አይደለም፣ ወንጀል አይደለም። እናቴም አድርጋዋለች፤ የአንተም እናት አድርጋዋለች።

አልጋው ክብደት ተሰማው። የተኛው ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ «ተለዋዋጭ» የሚል መልስ አገኘ። ተለዋዋጭ ለሁሉም ነገር ይገጥማል። አልጋ ላይ የሚተኛ ታካሚ ነው፤ በዚህ አልጋ የምትጠበቀው ታካሚ ኤፍራታ ደመላሽ ናት፤ የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛውም ባዶ ሆኗል፣ ተራዋ ደርሷል። ከራስጌው የማደንዘዣ ጭምብል ወረደ፤ አልጋው በራሱ እየተሽከረከረ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሄደ። ሔመን ኋላ ስትነግረኝ «ብርሃን ዓይኔ ላይ እንዳይወድቅ ብላ እትዬ ነጠላ ያለበሰችኝ መስሎኝ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው የለም።

ኤፍራታ ግድግዳ እየተደገፈች ስትመለስ ፍራሹ አለ፣ አልጋው የለም። ለማጠብ የወሰዱት መሰላት። ሔመንም ሾርባ ልታሞቅ የሄደች መሰላት። ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ሲስተር ረድኤት ስታልፍ ነው የጠየቀቻት።

«ልጄ፣ አልጋዬን የት አደረሳችሁት?»

ረድኤት ፊቷን ሳታይ ሰሌዳውን አየች። «ኤፍራታ ደመላሽ ቀዶ ሕክምና ክፍል ናቸው። እርስዎ አስታማሚያቸው ነዎት?»

«ኤፍራታ እኔ ነኝ።»

«እሺ እማማ፣ አይጨነቁ፣ አረፍ ይበሉ። እህትዎ አሁን ይወጣሉ።»

«እህቴማ ናት የምትወጣው! እኔ እዚህ ነኝ! ይኸው እግሬ!»

ፋሻውን መፍታት ጀመረች። ረድኤት ቁስሉን ከማየቷ በፊት ሸተታት። ያን ጊዜ ገባት፤ ሮጠች። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ግን ማንነቷን ጠየቀ። የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ነርስ ከዚያ በር ጋር አትገጥምም፤ ቀይ አበራባት። በጡጫ መታችው። ጥብቁ ቋንቋ በዚያች ደቂቃ ሥራውን አንድም ሳያጎድል ሠራ፤ ማስገባት የሌለበትን አላስገባም።

ቆራጩ መሣሪያ ነው። ተረኛው ሐኪም ፎቅ ላይ ተቀምጦ ብዙ ጠረጴዛዎችን በአንድ ጊዜ ይጠብቃል፤ የሚያየው መብራት ነው፤ መብራቱም አረንጓዴ ነበር። የሔመን ገላ ከአንድ ቦታ በስተቀር ተሸፍኗል። መሣሪያው ያገኘው የሞቀ፣ ደም የሚዘዋወርበት፣ በእርጅና ዘመኑ እንኳ የስፌት መኪና ሲረግጥ የሚውል ጤነኛ እግር ነው። ታሟል ወይ ብሎ አልጠየቀም። ያ ጥያቄ በር ላይ የተመለሰ ጥያቄ ነውና።

ሔመን ስትነቃ መጀመሪያ ያለችው «እትዬ፣ ተራሽ ደረሰ እንዴ?» ነው።

አሁን ጆሮህን ስጠኝ፤ አሳዛኙ ነገር ይህ ብቻ ነው ብለህ እንዳታልፈው። አደጋ በየትም አለ፤ መኪናም ይገለበጣል። እኔን ያስቆጣኝ ከአደጋው በኋላ የሆነው ነው።

የኤፍራታ እግር ተቆርጧል፤ ሥርዓቱ እንዲህ ያውቃል። ስለዚህ የቁስሉ መድኃኒት ቆመ፤ ለዳነ ሰው መድኃኒት አይሰጥም። ረድኤት አዲስ ቀዶ ሕክምና ለማስያዝ ሞከረች። ቀይ በራ፤ «የሌለ እግር አይቆረጥም» አለ ሥርዓቱ። ቀጥሎም በትሕትና «ግራ እግር አለ፤ ይቀጥል?» ብሎ ጠየቀ። ረድኤት ይህን ስትነግረኝ ትስቅ ነበር፤ መሳቋ አስፈራኝ።

ሔመን ደግሞ በዚያ አልጋ ላይ እስካለች ድረስ ኤፍራታ ናት። የሕመም ማስታገሻ ይሰጣታል፣ ቁስሏ ይጠረጋል። ከአልጋው ከወረደች ግን አስታማሚ ናት፤ አስታማሚ ደግሞ አይታመምም። ስለዚህ መውረድ አልቻለችም። ኤፍራታም አልጋ የላትም። እግሯ እየበሰበሰ እህቷ ሥር ፍራሹ ላይ ተኛች፤ ጤነኛዋ ከላይ፣ በሽተኛዋ ከታች፤ በሰሌዳው ላይ ግን ሁሉም በቦታው ነበር።

ሌላ ሆስፒታል አትበለኝ፤ ሥርዓቱ አንድ ነው። ቢላ ይዞ በእጁ የሚቆርጥ ሐኪምም አትበለኝ፤ ከሥርዓቱ ውጭ የሰው ገላ የነካ ሐኪም ታስሯል፣ ሌሎቹም ከዚያ ተምረዋል። የነበረው መንገድ አንድ ነው። የተፈጸመ ሕክምናን የሚሰርዝ ፊርማ የዋና ዳይሬክተሩ ብቻ ነው። ዶክተር ኢዮስያስ «ስህተት ተፈጽሟል» ብለው ቢፈርሙ የኤፍራታ እግር ይመለሳል፣ ማለትም በሥርዓቱ ውስጥ፤ በማግሥቱም ይቆረጥላታል፤ ትድናለች። ፊርማው ግን ቀይ ያበራል። በሰንደቃቸው ላይ አንድ ቀይ።

ረድኤት ጻፈች። የሆስፒታሉ ኃላፊ ጻፈ። ከባለሥልጣኑ የመጣው መልስ፣ አቤቱታ ማቅረብ የሚችል ታካሚ ነው የሚል ነበር። ሔመን ታካሚ አይደለችም። ኤፍራታ ታካሚ ናት፤ ነገር ግን ሕክምናዋ ስለተሳካ የደረሰባት ጉዳት የለም።

ያፌት የሚባል ወጣት አለ፤ ባለሥልጣኑ በሆስፒታሉ የመደበው የፕሮግራም ባለሙያ ነው። አስታማሚዎችን ይለፍ ያደረገው እሱ ነው። ሌሎቹ ሲሸሹ እሱ መጣ፤ ይህን ልንክደው አይገባም። ፍራሹ አጠገብ ተንበረከከ።

«አንተ ነህ የጻፍከው?» አለችው ኤፍራታ። ትኩሳቱ ድምጿን አሰልሎታል።

«ዓርብ ነበር፣ እማማ።»

«እኔም ዓርብ ዓርብ ነድቻለሁ። ሰው ግን አልገጨሁም።»

አንገቱን ደፋ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ መውጫ እንዳለ ነገራት። የተፈጸመውን መሰረዝ አይችልም፤ እሷንም ይለፍ ማድረግ ግን ይችላል። ከክፍሉ ማዶ አቶ ካሌብ የሚባል ሰው አለ፤ እሱም በስኳር ምክንያት ቀኝ እግሩ ነገ ጠዋት ይቆረጣል። ካሌብ ከአልጋው ሲነሣ እሷ ትተኛበታለች። አልጋው የቀረውን ይሠራል።

ሔመን ከላይ ሆና ሰማች። «እትዬ!» አለች። በቀናት ውስጥ ፊቷ ላይ ተስፋ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ኤፍራታ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራት። «ካሌብስ?»

«እሳቸው… ከዚያ በኋላ ይታያል።»

«እንደኔ ይታያል?»

ካሌብን ሁለቱም እህትማማቾች ያውቁታል። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ከኤፍራታ ጋር «ማን ቀድሞ ባለ አንድ እግር ይሆናል» እያሉ ሲወራረዱ፣ የሚስቱን ፍርፍር ሲቋደሱ ሰንብተዋል።

«አልፈልግም» አለች ኤፍራታ።

«እትዬ፣ እባክሽ! እግሬን አጥቼልሽ እንዲሁ ልትሞቺብኝ ነው? በከንቱ ነው?»

«ሔሚ፣ አንቺ አልሰጠሽኝም፤ ወሰዱብሽ። የሰጠሽኝ ቢሆን ተቀብዬ እመርቅሽ ነበር። ይሄኛው እኮ ስርቆት ነው። እኔ ከእሱ እሰርቃለሁ፣ እሱ ከማን ሊሰርቅ ነው? ቀጥሎ ከሚመጣው? እስከ መቼ?»

«ስለሌላው ለምን ታስቢያለሽ? ማን ስላንቺ አሰበ?»

«ለዚህ እኮ ነው እዚህ የደረስነው፣ እንዲያ ስላሰቡ ነው።»

ካሌብ ወሬውን ሳይሰማ አልቀረም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከአልጋው አልተነሣም፤ ፖፖ በሚስቱ እያስመጣ ዋለ። ወደ ኤፍራታ ፍራሽም ዓይኑን አላዞረም። አልፈርድበትም። በፍርሃት ጎረቤቱን ማየት ያቃተውን ሰው አልወቅስም፤ እንዲፈራ ያደረገውን ነው የምፈልገው።

ኤፍራታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተች፤ ቀን ነበር፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ፍራሹ ላይ አርፋ ነበር። ሔመን ከአልጋው ጎን እጇን ቁልቁል ዘርግታ የእህቷን እጅ እንደያዘች ነው የቀዘቀዘባት። በራስጌዋ ያለው ሰሌዳ በዚያች ሰዓት የኤፍራታ ደመላሽ የልብ ምት መልካም መሆኑን፣ ቁስሏም እየደረቀ መሆኑን ያሳይ ነበር።

ቀብሩን የማያውቅ ስላለ ልንገረው። የዕድሩ ጡሩንባ ተነፋ፣ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደየበሩ ሄደ። «ወዴት?» አሉ በሮቹ። «ቀብር።» «የማን?» «የኤፍራታ ደመላሽ።» ኤፍራታ ደመላሽ በሕይወት አለች፤ ሆስፒታል ተኝታ እያገገመች ነው። በአንድ መንደር የሚገኝ ቤት ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀይ በራ። ሰዎች በየቤታቸው ተቆልፈው በመስኮት እየተያዩ አለቀሱ። አስከሬኑን መቃብር ያደረሰው ያፌት ነው፤ በሚያውቀው ብቸኛ ቃል። ያቺ ሴት ስም በሌለው መቃብር የገባችው ይለፍ ተብላ ነው። ያን ሳምንት ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ቀይ ሁሉ ጠፋ። እንዴት እንደጠፋ ታውቃለህ።

ዶክተር ኢዮስያስ በቴሌቪዥን ቀርበው እንዲህ አሉ፦ «በሥርዓታችን ውስጥ የተመዘገበ ስህተት የለም። አስታማሚዋ ወደ አልጋው የወጣችው በራሷ ፈቃድ ነው።» በራሷ ፈቃድ! ጎኗን ለማሳረፍ የፈቀደች ሴት እግሯን ለመቆረጥ ፈቅዳለች ማለት ነው? ይህን የሚናገር ሰው የተማረ ነው፤ ማዕረጉን ያገኘው በዚሁ ጥብቅ ቋንቋ ላይ በጻፈው ጥናት ነው። ያልታወቀ ነገር ሳይጠየቅ ወደ ውስጥ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ በዚህ አገር የለም።

ወሬውን ተከትለው ሁለት ዓይነት ሰዎች ጮኸዋል። አንዱ ወገን አስታማሚ ከሆስፒታል ይባረር ይላል፤ ያን ጊዜ ይለፍ አያስፈልግም። እነዚህ ታመው አያውቁም፣ ወይም የሚያስታምማቸው የላቸውም። ሌላው ወገን ፍተሻው ከነጭራሹ ይነሣ፣ ሁሉም ይለፍ ይባል ይላል። እነዚህ ደግሞ ኤፍራታን የገደላት ቀዩ ይመስላቸዋል። የገደላት ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው፤ ጠንካራ በር፣ በሩ ላይ የተበጀ ቀዳዳ፣ ከበሩ ኋላ ደግሞ ባዶ ቤት። ጥብቅ ሥርዓት ከሆነ ለአስታማሚ ስም ይስጥ። ልቅ ሥርዓት ከሆነ በየአልጋው ሰው ያቁም። በአንዱ ስም እየማሉ በሌላው መኖር ማታለል ነው።

ሔመን ዛሬም በዚያ አልጋ ላይ ናት። የእህቷ ሞት ከተመዘገበ ሕክምናዋ ይቆማል፤ ስለዚህ እህቷን በአደባባይ ማልቀስ አትችልም። በነገው ዕለት አልጋው «ኤፍራታ ድናለች» ብሎ ያወርዳታል። ስትወርድ በሥርዓቱ ዓይን እግሯ ያልተቆረጠ፣ ያልታመመች፣ ምርኩዝ የማይገባት፣ አቤት ማለት የማትችል ሴት ትሆናለች። ይህን ሊያስቀር የሚችለው ያው አንድ ፊርማ ነው።

ዶክተር ኢዮስያስ፣ በቃል አቀባይዎ አይላኩብን፤ መግለጫም አይጻፉልን። ነገ ጠዋት፣ ሔመን ከአልጋው ከመውረዷ በፊት፣ ወደ ነፋስ በር ሆስፒታል ይምጡ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ሕዝቡ ይሰበሰባል፣ እኔም እዚያው ነኝ። ታካሚ ካልሆነች እግሯን በምን ሥልጣን ቆረጣችሁት? ታካሚ ከሆነች አቤቱታዋን በምን ሥልጣን መለሳችሁት? ፊርማዎን ይዘው የቆዩት ኤፍራታ ፍራሽ ላይ በምትሞትበት ሰዓት ማንን ለማዳን ነበር? ሔመን ፊት ቆመው፣ በራስዎ አፍ፣ ሕዝብ እየሰማ ይመልሱ።